ስለ ታመመ በሬና ስለ ቢላዋ

በአገራችን ከብት የታመመበት ባለቤት ከሐኪም አስቀድሞ የሚያስበው ቢላዋን ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ከታረደ ሥጋ ይባላል፤ ሳይታረድ ከሞተ ግን በክት ሆኖ ለአሞራና ለጅብ ይቀራል። ስለዚህም «ሳይሞት ይታረድ» የሚለው ቃል በየበረቱ የተለመደ ምክር ሆኖ ኖሯል። እኛም ይህን ምክር አንድ ጊዜ ፈቅደን ያደረስነውን ጥፋት፣ ከዚያም ወዲህ የተማርነውን ለባለ ቤቶችና ለእመቤቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እንጽፋለን።

ከደብረ ብርሃን በታች ባለችው በአባታችን አገር ታናሽ ወንድማችን ሃያ ያህል ከብት ያረባል። እኛ በከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብንኖርም ከከብቶቹ እኩሌታ ድርሻ አለን። በ2011 ዓ.ም. በሰኔ መግቢያ ዳመና የተባለው የእርሻ በሬያችን ማታ ደኅና ሆኖ ከቀንበር ተፈታ፤ ሲነጋ ግን ጆሮውን ጥሎ፣ ጠጕሩ ቆሞ፣ እየተንቀጠቀጠና ትንፋሹ እየቸኰለ ተገኘ። ወንድማችን በስልክ ጠርቶ «ጋሼ፣ አጎታችን ሳይሞት ይታረድ ይላሉ፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለን። የመዝገብ ሥራ በዝቶብን ስለ ነበር አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳንጨምር «እንደ ፈቀዳችሁ አድርጉ» ብለን ስልኩን ዘጋን።

በሬው ከበረቱ አጠገብ ታረደ። ደሙ እጅግ ጠቍሮ ነበር፤ ሳይረጋም ቀረ። አጎታችን ይህን አይተው «የደከመ በሬ ደም እንዲህ ነው» አሉ። ሥጋው በቅርጫ ለዘጠኝ ቤት ተከፈለ፤ ዋጋውም ለመኸር እንዲከፈል በዱቤ ሆነ። ቆዳውን የገፈፈው እረኛችን የ17 ዓመት ልጅ ነበር። በአራተኛው ቀን በክንዱ ላይ የትንኝ ንክሻ የመሰለ ነገር ወጣበት፤ ከዚያም ውሃ ቋጠረ፤ ኋላም መካከሉ እንደ ከሰል ጠቆረ። ዙሪያው በጣም ቢያብጥም ሕመሙ ጥቂት ስለ ነበር ቸል ተባለ። ትኵሳት ሲጨመርበት ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ሐኪሙም ቍስሉን አይቶ በመጀመሪያ የጠየቀው «በቤታችሁ ከብት ሞቷል ወይ?» ብሎ ነው። ልጁ በመድኃኒት ዳነ፤ ጠባሳው ግን እስከ ዛሬ አለ። ሥጋውን ከበሉት ከሁለት ቤት ሰዎች በሆድ ሕመም ተኙ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት የሞተ የለም።

የበሽታው ስም አባ ሰንጋ ነው። እኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን የበክትን ሕግ ከኦሪት ተምረናል፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤትም ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1876 የዚህን በሽታ ረቂቅ ነፍሳት እንደ ገለጠ፣ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተርም በ1881 በጎችን ከትቦ በሕዝብ ፊት እንዳዳነ አንብበናል። ሁለቱ ትምህርቶች ግን ግንብ እንደሚለያያቸው ጎረቤቶች በራሳችን ውስጥ ሳይተዋወቁ ኖረዋል። በሬው ነፍሱ ሳትወጣ መታረዱ ከበክት ስም ያድነው ይሆናል፤ ከበሽታው ግን አያድነውም። ይልቁንም ቢላዋው በሽታውን ይዘራዋል። ሬሳው ሳይከፈት ከቀረ በውስጡ ያሉት ነፍሳት ከመበስበሱ ጋር አብዛኞቹ ይጠፋሉ፤ ደሙ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ግን እንደ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ለብሰው በአፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥር ዓመታት ይቆያሉ። ከብትም አጭሩን ሣር ከአፈሩ ጋር ሲግጥ ያገኛቸዋል።

ይህን በገዛ መሬታችን አየነው። በ2011 ዓ.ም. ከብቶቹን አስከተብን፤ ክትባቱ በየዓመቱ መታደስ ሲኖርበት በተከታዩ ዓመት ግን ወንድማችንም ዘነጋ፣ እኛም አልጠየቅንም። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ በሬው ከታረደበት ስፍራ ትግጥ የነበረች ላማችን ሲነጋ ሞታ ተገኘች። ሆዷ ተነፍቷል፤ ከአፍንጫዋ ደም ይፈሳል፤ እግሮቿም እንደ ሌላ ሬሳ አልደረቁም።

በዚህ ጊዜ ቢላዋ አልወጣም። የወረዳው የከብት ሐኪም ተጠርቶ፣ እጁን በጓንት ሸፍኖ፣ ከጆሮዋ ጥቂት ደም ብቻ ወሰደ። ከሁለት ሜትር የሚጠልቅ ጕድጓድ ተቆፍሮ ላሚቱ ከነቆዳዋ፣ ደም የነካው አፈርም አብሮ ተቀበረ፤ የተኛችበት ገለባ ተቃጠለ። የቀሩት ከብቶች ከዚያ መስክ ተነሥተው ተከተቡ። አንዲት ጊደር ትኵሳት ስለ ነበራት ፔኒሲሊን ተሰጣት እንጂ በዚያው ቀን አልተከተበችም፤ የክትባቱ ነፍሳት ሕያዋን ስለ ሆኑ መድኃኒቱ ያጠፋቸዋልና። ትኵሳት ያላቸውን ላሞች ወተት የወንድማችን ሚስት ለብቻው እያለበች ስትደፋ ልጆቿ ቆመው ያዩ ነበር። ከሥራው ሁሉ የከበደው ይህ ይመስለናል።

ወንድማችን በጭንቀቱ «ሌሎቹን ሳይታመሙ ገበያ ብናወጣቸውስ?» ብሎ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች በምፅዋ በኩል ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት እንደ ፈጀና ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ እንደ ተከተለ አስታወስነው። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። አባ ሰንጋ እንደ ደስታ በትንፋሽ የሚዛመት ባይሆንም፣ ከዚህ በረት የወጣ ከብት በሰው ገበያ ወድቆ በማያውቁት እጅ ቢታረድ ያው የእኛ እረኛ ታሪክ በሌላ ቤት ይደገማል። ወንድማችንም ተወው።

ጎረቤቶች ግን አጕረመረሙ። ሥጋውና ቆዳው ለእነርሱ ከንቱ ስለ ጠፋ በንፍገት ጠረጠሩን፤ ከዚህ በፊት ያበላናቸውን ስናስብ ልንቈጣ አልቻልንም። ሁለት በግ ገዝተን አካፈልናቸው፤ የ2011ን የቅርጫ ዕዳ ያልከፈሉትንም ማርናቸው። ከእነዚህ ሁለቱ ግን «የበላነውን አንክድም» ብለው ገንዘቡን አምጥተው ሰጡን፤ ስንቀበል አፈርን።

መቃብሩን በእሾህ ስናጥር አጎታችን «ስንት ዓመት ነው ከብት የማይግጥበት?» ብለው ጠየቁን። ሐኪሙ የነገረንን አልሸሸግናቸውም፤ «ከእርስዎም ከእኛም ዕድሜ ያልፋል» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያስ ልጆቹን ጥሩና ቦታውን አሳዩአቸው» አሉና የቀረውን እሾህ ማሰር ቀጠሉ።