ወገቤን!

በእኛ አገር ወገብ ሰፊ ግዛት ነው። ከጎድን አጥንት በታች ይጀምርና እስከ ጭን ድረስ ይዘልቃል። ኩላሊቱን የሚያመው «ወገቤን» ይላል፤ ዲስኩ የተንሸራተተበትም «ወገቤን» ይላል፤ ማኅፀኗን የሚያማትም «ወገቤን» ትላለች። የዳሌው መገጣጠሚያ የተበላበትም ያው ነው። መቼም አንዲት ባልቴት የልጅ ልጇን ለሚያህል ሐኪም «ብሽሽቴን ያመኛል» ማለት ይከብዳታል። ነውርም አለበት። እናም እጇ ትንሽ ከፍ ይልና ወገቧ ላይ ያርፋል። ሐኪሙም የታየውን ይጽፋል።

ይህን የምላችሁ ሻኪሶ ያለችውን አክስቴን ይዤ ነው። ዕድሜዋ ከስድሳ አልፏል። ቡና ለቅማለች፣ እንጀራ ጋግራ ሸጣለች፣ በልጅነቷም እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው ሰዎች ወንዝ ዳር ቁጢጥ ብላ አሸዋ እያጠበች ወርቅ ፈልጋለች። (ስንት እንዳገኘች ብትጠየቅ ወሬ ትቀይራለች።) መጀመሪያ እምቢ ያላት ጫማ ማጥለቅ ነበር። ቀጥሎ ባጃጅ ላይ መውጣት፣ ቀጥሎ ዱካ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት። ጠዋት ስትነሳ ለጥቂት ደቂቃ እንደ እንጨት ትደርቅና ስትንቀሳቀስ ትፍታታለች፤ ገበያ ደርሳ የተመለሰች ዕለት ግን ሌሊቱን አትተኛም። ሕመሙ ከብሽሽቷ ይነሳል፣ በጭኗ ይወርዳል፣ ጉልበቷ ላይ ይቀመጣል። ዳሌና ጉልበት ነርቭ ስለሚጋሩ የአንዱ ሕመም ሌላው ላይ ሊሰማ ይችላል። ጉልበቱ ራጅ ተነስቶ ጤነኛ ሆኖ የሚገኝ ሰው የሚገርመውም ለዚህ ነው።

ካርዷን አገላብጬ አይቻለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የወገብ ሕመም፣ አንድ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ አንድ ጊዜ የጉልበት ሕመም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሪህ ተብሏል። ማስታገሻው ያው ነው፤ ስሙ ነው የሚለዋወጠው። «ዳሌ» የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም።

በመጨረሻ ሀዋሳ ስንወስዳት ሐኪሙ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጠየቃት። «እማማ፣ ጫማዎን የሚያጠልቁት ራስዎ ነዎት?»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ልጄ ናት የምታጠልቅልኝ። ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

በጀርባዋ አስተኛት፣ ጉልበቷን አጥፎ እግሯን ወደ ውስጥ ሲያዞረው ጮኸች። ራጁ ሲመጣ በጭኗ አጥንት ራስና በማቀፊያው ጎድጓዳ መካከል መኖር የነበረበት ክፍተት የለም። የአጥንቱን ጫፍ የሚያለብሰው ለስላሳ ሽፋን አልቋል። አንድ ጥያቄና የአንድ ደቂቃ ምርመራ የአራት ዓመቱን ነገር ፈታው።

ይህ በሽታ በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ አሥረኛ እትም ላይ መለያው ኤም 16 ነው። ጠመንጃው ትዝ ያላችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። የታችኛው ጀርባ ሕመም ኤም 54.5፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ኤም 25.5፣ ሪህ ኤም 10 ናቸው። አክስቴ እንግዲህ ሻኪሶ ሆና በእነዚህ ቁጥሮች ስትዞር ከርማ ነው ቤቷ የገባችው።

ቁጥሩ ለወረቀት ጌጥ አይደለም። ምደባው የተጀመረው ለሞቱ ሰዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ፈረንሳዊው ዣክ በርቲዮን ያቀረበው ዝርዝር የሞት ምክንያቶችን የሚደረድር ነው። በሕይወት ያሉ ሰዎች ሕመም የገባበት የዓለም ጤና ድርጅት ሥራውን ተረክቦ እ.ኤ.አ. በ1948 ስድስተኛውን እትም ሲያወጣ ነው። ዳሌ ደግሞ አይገድልም፤ ሰውን ቤት ያስቀምጠዋል እንጂ። የማይገድል በሽታ ወረፋው ሁልጊዜ ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው አሥራ አንደኛው እትም የዳሌውን መለያ ኤፍኤ 00 አድርጎታል። ግን ቁጥሩ ቢቀየር የጉጂ እናት በኦሮምኛ የተናገረችው፣ በአማርኛ የተተረጎመው፣ ካርድ ላይ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ነገር መንገድ ላይ ከጠፋ ምን ዋጋ አለው?

ለሐኪሙም እናስብለት። በር ላይ መቶ ሰው ተሰልፎበት «የመገጣጠሚያ ሕመም» ብሎ መጻፍ ውሸት አይደለም። የማያውቁትን በሚያውቁት ልክ መጻፍ ነውና እንዲያውም ሐቀኝነት ነው። ችግሩ ያ ጊዜያዊ ስም ቋሚ ሆኖ መቅረቱ ነው። ከጤና ጣቢያው ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚሄደው ይኸው ነው። ሪፖርቱ ላይ ዳሌ የሚያመው ሰው ከሌለ ወደዚያ የአጥንት ሐኪም ይመደብ የሚል ማን ነው?

ሻኪሶ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። በ2010 ዓ.ም. የከተማዋ ሰው የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ጤናችንን ጎዳው፣ ፅንስ እያስወረደብን ነው፣ ልጆች ከአካል ጉዳት ጋር እየተወለዱ ነው ብሎ አደባባይ ሲወጣና የኩባንያው ፈቃድ ሲታገድ ክርክሩ የማስረጃ ሆነ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሳ የሰው እንባ ብቻውን አይበቃም፤ የጤና ጣቢያ መዝገብ ይገለጣል። በመዝገቡ ላይ ያለው ደግሞ ያኔ የተጻፈው ነው።

የአክስቴ መድኃኒቱ መገጣጠሚያውን መቀየር ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 መንገዱን ካሳየ ወዲህ በዓለም ላይ ከተሳካላቸው ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ሆኗል። በእኛ አገር ግን የሚተከለው ዕቃ ከውጭ ይመጣል፣ ዋጋውም የሻኪሶን ቤት ያሸጣል። እስከዚያው ክብደት እንድትቀንስ፣ የጭን ጡንቻዋን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንድትሠራ፣ ከዱካው ወደ ከፍ ያለ ወንበር እንድትዛወርና ከዘራ እንድትይዝ ተነግሯታል። የታመመው የቀኝ ዳሌዋ ነው፤ ሐኪሙ ከዘራውን በግራ እጅሽ ያዢ ብሏታል፤ ሸክሙን ከታመመው ዳሌ ላይ የሚቀንሰው እንደዚያ ሲያዝ ነው። ጎረቤቶቿ ግን ባዩዋት ቁጥር «ምነው፣ ባመመሽ በኩል ያዢው እንጂ!» እያሉ ይከራከሯታል።