በጸሎታችን ስማቸው ያልተነሣ



ኅዳር 2014 ዓ.ም. ነበር። ጦርነቱ ከትግራይ ወደ ወሎ ዘልቆ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ስም ከሁላችንም አፍ የማይጠፋበት ሰሞን። ሐሙስ ሌሊት ስልኬን ይዤ ዜና ስመለከት አመሸሁ፤ ልጆቻቸውን አዝለው የሚሸሹ እናቶችን፣ በየትምህርት ቤቱ ወለል ላይ የተኙ ሽማግሌዎችን አየሁ። በማግሥቱ በዓርቡ ቅዳሴ፣ በምእመናን ጸሎት ጊዜ፣ ከኪሴ ወረቀት አውጥቼ ስለ ሁለቱ ከተሞች ሕዝብ፣ ስለ ተፈናቀሉትና ስለ ሞቱት አነበብሁ። ብዙዎች አለቀሱ። እረኛ ማድረግ የሚገባውን ያደረግሁ መሰለኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ልብሰ ተክህኖዬን ሳወልቅ አንዲት እኅት ወደ ዕቃ ቤቱ መጣች። በሰው ቤት የምታገለግል፣ በወር አንድ ዓርብ ብቻ የምትወጣ ልጅ ናት።

«አባ፣ የእኔን እናት ለምን ረሷት?» አለችኝ።

«እናትሽ የት ናት፣ ልጄ?»

«ትግራይ ናት። ከሰኔ ወዲህ ስልክ የለም። ትኑር ትሙት አላውቅም። ዛሬ ስለ እርሷም የሚጸለይ መስሎኝ ነበር የመጣሁት።»

የምመልሰው ቃል አጣሁ። ማታ ወረቀቴን እንደ ገና አነበብሁት። አንድም የሐሰት ቃል አልነበረበትም። የወሎ ሕዝብ መከራ እውነት ነበር፤ ለእርሱ ማልቀስም ተገቢ ነበር። ነገር ግን የጸለይሁት ላየሁት ብቻ ነበር። በትግራይ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ተቋርጦ፣ ጋዜጠኛም እንደ ልቡ መግባት ስላልቻለ፣ ከዚያ የሚደርሰኝ ምስል ጥቂት ነበር። ምስሉ ሲቀር ሰዎቹም ከልቤ ቀርተው ኖሯል።

ስለ ዜና ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንፈራው ሐሰቱን ነው። ያቺ እኅት ያስተማረችኝ ግን ሌላ ነው፤ ዜና እውነት ብቻ እየተናገረም ለማን እንደምናለቅስ ሊመርጥልን ይችላል። ለማን እንደምናለቅስ የመረጠልን ደግሞ በማን ላይ እንደምንቆጣም ይመርጥልናል። የፖለቲካ ክርክራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ወሎና ትግራይ በ1965 ዓ.ም. በረሃብ ሲመቱ የአገሩ ጋዜጣና ራዲዮ መከራውን ሸፍኖት ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘውን ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን ሲያሳይ፣ ያየው ሁሉ ደነገጠ፤ እርዳታም መጣ። ይኸው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ግን ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በሌላ መልክ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ አሳየው፤ በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱ ድግስና ሥጋ የሚበሉ የንጉሡ ውሾች ገብተውበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ምስሎች ቆርጦ የቀጠለው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። ሕዝቡ መቆጣቱ ትክክል ነበር፤ ቁጣው ወዴት እንደሚነዳ ግን ሌላ ሰው ወስኖለት ነበር።

የሚቀጥለውን እኔ ራሴ አስታውሳለሁ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ልጅ ነበርሁ። የመንግሥት ራዲዮ ቀኑን ሙሉ ስለ አብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ያወራ ነበር። ማታ ግን አለቃችን በራቸውን ዘግተው ከውጭ አገር የሚተላለፈውን የአማርኛ ዝግጅት ድምፁን ዝቅ አድርገው ይከታተላሉ። በበራቸው አጠገብ ስናልፍ ስለ ረሃብ ሲነገር እንሰማለን፤ ቀን ግን ማንም አያነሣውም። የረሃብን ፊልም በንጉሡ ላይ ያሳየ መንግሥት፣ በዓሉ እንዳይደበዝዝበት ሌላ ረሃብ ደበቀ። በጥቅምት ጋዜጠኛው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል ያንን ዝምታ ሰበረ፤ ዓለምንም ለእርዳታ አነሣሣ። እርሱም ቢሆን የጎደለው ነበረው፤ ድርቁን አጉልቶ አሳየ፣ ረሃቡን ያባባሰውን ጦርነት ግን እምብዛም አላሳየም። መልካም ያደረገ ዜና እንኳ ሁሉን አይናገርም።

ዛሬ መራጩ በእጃችን ያለው ስልክ ሆኗል። ፌስቡክም ዩቲዩብም ቲክቶክም ቆም ብለን ያየነውን መዝግበው፣ ያንኑ የሚመስለውን ይጨምሩልናል። ከሁሉ ይልቅ የሚያቆየን ደግሞ ያስቆጣን ነገር ነው።

በዚያው የጦርነት ሰሞን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በተደራራቢ አልጋ ላይና ታች የሚተኙ ሁለት እኅቶች ነበሩን፤ አንዷ የወሎ፣ አንዷ የትግራይ ልጅ። መብራት ከጠፋ በኋላ ሁለቱም በየብርድ ልብሳቸው ሥር ስልካቸውን ይመለከታሉ፤ አንዷ የምታየውን ሌላዋ አታይም። ሁለቱም የእውነት ልቅሶ እየሰሙ ያድራሉ። ውሎ አድሮ በቅዳሴ ላይ የሰላም ሰላምታ መለዋወጥ ተዉ። እያንዳንዳቸው ለብቻ ሲነግሩኝ ቃላቸው አንድ ነበር፤ «አባ፣ ይህን ሁሉ እያየች እንዴት ዝም ትላለች?» ለካ አላየችም ነበር።

አንድ ዓርብ ሁለቱን ሻይ ጠርቼ፣ ስልካቸውን እንዲለዋወጡ ለመንኋቸው። ብዙ ደቂቃ ያለ ንግግር ተመለከቱ። የወሎዋ ልጅ በመጨረሻ «ይህ ለእኔ አንድ ቀንም አልመጣልኝም» አለች። ስለ ጦርነቱ ምክንያት ዛሬም አይስማሙም፤ እኔም እንዲስማሙ አልጠየቅኋቸውም። ሰላምታቸው ግን ተመለሰ።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዓለም የማኅበራዊ መገናኛ ቀን ባስተላለፉት መልእክት ስለ ሐሰተኛ ዜና ሲያስተምሩ፣ በኦሪት ዘፍጥረት የምናገኘውን እባብ አስታውሰዋል። እባቡ የጀመረው ከፊሉ እውነት ከሆነ ነገር ነበርና። መድኃኒቱንም ሲያመለክቱ ከስልት ሁሉ ይልቅ ሰዎችን አስቀድመዋል፤ ለመስማት የተዘጋጁ ሰዎችን። እኔ ይህን የተረዳሁት በዚያች የሻይ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ስለዚህ እናንተንም አንድ ነገር እለምናለሁ። አንድ ምስል ሲያስለቅሳችሁ ወይም ሲያስቆጣችሁ፣ ለሌላ ከመላካችሁ በፊት ማን፣ የትና መቼ እንዳነሣው ጠይቁ። እውነት መሆኑን ባረጋገጣችሁ ጊዜም አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ በዚህ ውስጥ የሌለው ማን ነው? መልሱን ብዙ ጊዜ ስልካችሁ አይነግራችሁም። በአጠገባችሁ የምትቀመጠው እኅት ግን ታውቀው ይሆናል።

ያን ዕለት በዕቃ ቤቱ ውስጥ የዚያችን ልጅ እናት የክርስትና ስም ጠይቄ ጻፍሁት። በሚቀጥለው ዓርብ ስሟን አነሣን፤ ቀጥሎም ወሬያቸው ስላልደረሰን ሁሉ በዝምታ ጸለይን። ልጅቱ በዚያ ቀን አልተፈቀደላትምና አልነበረችም። ጥቂት ቆይቶ አሠሪዎቿ ወደ ሌላ ከተማ ወሰዷት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነቱ በፕሪቶሪያ ተፈርሞ ስልክ ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ የእናቷን ድምፅ ትሰማ አትሰማ እኔ አልሰማሁም። ስሟ ያለበት ወረቀት ግን ዛሬም በመጽሐፈ ቅዳሴዬ ውስጥ ነው። በየዓርቡ የጸሎቱን ዝርዝር ሳዘጋጅ አወጣዋለሁ፤ የረሳሁት ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ።

የጌታችን ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን።