የእረፍት ሰዓት የልጆቹ ነው!

ወዳጆቼ፣ እስኪ ዛሬ ስለ እረፍት ሰዓት ትንሽ ላውራችሁ።

እዚህ አዴት "የኛ ተማሪ ደግሞ ምን ስፖርት ያስፈልገዋል? ኃይሌም 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነው የተማረው" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ዛሬም ከገጠር በእግሩ የሚመላለስ አለ። ግን ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤተሰቡ ስንቅ እያመጣ የሚማረውስ? እሱ ቀን ዴስክ ላይ፣ ማታ መደብ ላይ ተቀምጦ ነው የሚውል የሚያመሸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። እኛ ግን ያቺኑ አጭር እረፍት "ኖት ያልጨረሰ እንዳይወጣ!" ብለን እንቀማለን።

የሴቶቹ ደግሞ ይብሳል። ሜዳውን ወንዶቹ በኳስ ይይዙታል፣ እነሱ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። እነዚሁ ልጆች አንደኛ ደረጃ እያሉ ገመድ ሲዘሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ማን ያቆማቸው ነበር? ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ "ትልቅ ሴት ልጅ ትዘላለች እንዴ?" ተባሉ፤ በቃ፣ ቆሙ።

መፍትሔው በጀት አይጠይቅም። ኖቱን በክፍለ ጊዜው እናስጨርስ። ከገበያ አንድ ገመድ እንግዛ። ከሜዳው ጥግ ለሴቶቹ እንልቀቅ። መምህርቶችም ወጣ ብላችሁ አብራችኋቸው ዝለሉ፤ ያኔ የሚያፍር አይኖርም።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ እናንተስ በእረፍት ሰዓት ምን ትጫወቱ ነበር? በተለይ ሴቶቹ፣ መቼ ነው መጫወት ያቆማችሁት? እስኪ ጻፉልኝ።