ፎርሙ ጾም አይቆጥርም
የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻው፣ ያ ኤን-400 የሚሉት ፎርም፣ ባለፉት 5 ዓመታት ከ24 ሰዓት በላይ ከአገር የወጣንበትን ጉዞ ሁሉ ከነመውጫ መግቢያ ቀኑ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ አገር ቤት የሄድንበትን የምናስታውሰው በበዓልና በለቅሶ ነው። «ለፍልሰታ ሄጄ፣ እማዬ ታማብኝ ቆየሁና ዐቢይ ጾም ሲገባ ተመለስኩ።» ይኼን በቀን፣ በወርና በዓመት ጻፍ ሲሉህ ፓስፖርት ይዘህ መብራት ስር ትቀመጣለህ። የቦሌው ማህተም ሌላ ማህተም ተደርቦበት ቁጥሩ 3 ይሁን 8 አይለይም። ደግነቱ የድሮ የአውሮፕላን ቲኬት ኢሜይል ውስጥ አይጠፋም።

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለቀን ድምሩ ነው፤ ከ5 ዓመቱ ቢያንስ 30 ወር አሜሪካ ውስጥ መገኘት። እሱስ ለብዙዎቻችን ይሞላል። ጣጣው ያለው አንዱ ረጅም ጉዞ ላይ ነው። በአንድ ጉዞ ከ6 ወር በላይ ከቆየህ ኑሮህ እንዳልተቋረጠ የምታስረዳው አንተ ነህ፦ በኪራይ ውል፣ በታክስ ወረቀት፣ በሥራ ደብዳቤ፣ እዚህ በቀረ ቤተሰብ። ዓመት ከሞላ ግን ቆጠራው ይቋረጣል። ሪኢንትሪ ፐርሚት ይዤ ነው የሄድኩት ብሎ የሚዝናና አለ፤ ያ ለመመለስ እንጂ ለዜግነቱ ቆጠራ አይሆንም።

እናት ስንት ወር እንደምትተኛ አስቀድሞ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። የሐኪም ወረቀቷንም አስተርጉሜ አያይዘዋለሁ፣ ባይጠይቁኝም።