አየር በየግቢው አይታጠርም

ይህ ገጽ ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ሹመትና ሽረት የሚወሳበት እንደ መሆኑ መጠን፥ ዛሬ ስለ አንድ የቤት ዕቃ ልጽፍ መነሣቴ ጥቂቶቻችሁን ሊያስገርም ይችላል። ዕቃው የአየር ማጣሪያ ነው። ሆኖም ፖለቲካ የጋራ የሆነውን ነገር በጋራ የማስተዳደር ጥበብ ከሆነ፥ ከአየር ይበልጥ የጋራ የሆነ ነገር አይገኝም። ስለዚህ ከመስመራችን አልወጣንም።

የጉዳዩ መነሻ የ9 ዓመት ልጄ ናት። አስም አለባት። ቤታችን ከቀለበት መንገዱ የራቀ አይደለም፤ መስኮት ሲከፈት የናፍጣ ጭስ፥ ሲዘጋ ደግሞ የራሳችን ወጥ ቤት ጭስ ይጠብቀናል። ባለፈው በጋ ከእርስዋ ጋር ሁለት ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ካደርን በኋላ ሐኪሟ ከአቧራና ከጭስ እንድንጠብቃት አጥብቆ መከረን። ባለቤቴም «አንተ ዶክተር አይደለህ? መድኃኒት ማዘዝ ባትችል እንኳ አጥንተህ የሚረባ ማጣሪያ ግዛ» ብላ ኃላፊነቱን ለእኔ ጣለችው።

ጥናቱን ከመሠረቱ ጀመርኩ። ይበልጥ አደገኛው ብናኝ በዓይን የምናየው የመንገድ አቧራ አይደለም፤ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው፥ ማለትም ከጠጉራችን ውፍረት 30ኛ እጅ የሚያህለው ደቃቁ ነው። እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ዘልቆ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀድሞ የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ግን መጠኑን ወደ 5 ዝቅ አድርጎታል። ይህን ብናኝ የሚይዘው «ሄፓ» የተባለው ማጣሪያ ነው። የመጀመሪያው ሥራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፥ በአሜሪካ የአቶሚክ ቦምብ ሥራ ውስጥ፥ ጨረር አመንጪ ብናኞችን ማስቀረት ነበር። ዛሬ በመለኪያው መሠረት 0.3 ማይክሮሜትር ከሚያህሉ ብናኞች 99.97 ከመቶውን መያዝ አለበት።

ነጋዴው የሚያሳየን ይህን ቁጥር ብቻ ነው። ነገር ግን 99.97 የሚባለው በማጣሪያው ውስጥ ስላለፈው አየር እንጂ ስለ ክፍሉ አየር አይደለም። ወሳኙ ጥያቄ መሣሪያው በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር ይሰጣል የሚለው ነው። የልጄ መኝታ ክፍል 4 በ3.5 ሜትር ሲሆን ጣሪያው 2.8 ሜትር ነው፤ ይህም 39 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። አየሩ በሰዓት 5 ጊዜ እንዲጣራ ከተፈለገ 200 ሜትር ኩብ ገደማ የሚያጣራ መሣሪያ ያስፈልጋል። በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የከፍተኛው ፍጥነት ነው፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ድምፁ ሕፃን አያስተኛም። ስለዚህ ከሚያስፈልገው ከፍ ያለውን ገዝቶ በዝቅተኛ ፍጥነት ማሠራት ይሻላል።

ይህን ይዤ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። በአንደኛው ሱቅ «በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ያጣራል?» ብዬ ብጠይቅ ሻጩ «ጌታዬ፥ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። «መለዋወጫ ማጣሪያውስ ይገኛል?» ብለው «ይህ አይበላሽም» አለኝ። ማጣሪያ ግን ብናኝ ይዞ እስኪደፈን ድረስ እንጂ ለዘላለም አይሠራም፤ እንደ እኛ አቧራ በሚበዛበት ከተማ ደግሞ አምራቹ ከሚለው ጊዜ ቀድሞ መለወጥ ይኖርበታል። መለዋወጫው በአገር ውስጥ የማይገኝለት መሣሪያ ከዓመት በኋላ ውድ ማራገቢያ ከመሆን አያልፍም። ሌላው ሱቅ «አየርን በአዮን ያነጻል» የሚል አሳየኝ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኦዞን ያመነጫሉ፤ ኦዞን ደግሞ የአስም ሕመምተኛን ሳንባ ያስቆጣል። በካሊፎርኒያ ከቢሊዮን 50 እጅ በላይ ኦዞን የሚያወጣ የአየር ማጣሪያ እንዳይሸጥ በሕግ የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋሽንግተን አጠገብ የሚኖረው ወንድሜ «እኔ ልላክልህ» ቢለኝም፥ የእነርሱ ዕቃ በ120 ቮልት፥ የእኛ መብራት ደግሞ በ220 ነው፤ ማጣሪያውም በየጊዜው በሻንጣ መምጣት ሊኖርበት ነው።

አንድ ሌላ ነገርም በአገራችን ጠባይ የተነሣ መታየት አለበት። በንክኪ የሚሠሩት ብዙዎቹ መሣሪያዎች መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሳቸው አይነሡም፤ በሚዞር ቁልፍ የሚሠራው ግን ከቆመበት ይቀጥላል። ሌሊት በ8 ሰዓት መብራት ቢመጣ ተነሥቶ ማን ይጫነዋል? በመጨረሻ የመረጥኩት ማጣሪያው ከተማችን ውስጥ የሚገኝለትን፥ ባለ ቁልፉንና ኦዞን የማያወጣውን ነው። የአንድ ወር ደመወዜ አልበቃውም። ከስታቢላይዘር ጋር በልጄ ክፍል ውስጥ ተተክሎ ይሠራል።

መሣሪያው የማይችለው ነገር ግን ከሚችለው በላይ ነው። ሄፓ ብናኝን ይይዛል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይዝም። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ ያለውም የካርቦን ማጣሪያ ሽታን እንጂ ይህን ጋዝ አያስቀርም። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው ያልተነሡ ቤተሰቦችን ዜና በየክረምቱ እንሰማለን። እነዚያን ሰዎች ማናቸውም የአየር ማጣሪያ አያድናቸውም ነበር፤ የሚያድነው ከሰሉን ማውጣትና መስኮት መክፈት ብቻ ነው። ይህን ለእናቴ ሳስረዳ ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ልጄ፥ ይህ ሁሉ ብር ከሚወጣ እኔ ምድጃዬን ይዤ በረንዳ ብወጣስ?» አለችኝ። አሁን ቡናው የሚፈላው፥ ዕጣኑም የሚጨሰው በረንዳ ላይ ነው። ከመሣሪያው ሁሉ በፊት ልጄን የረዳት ይህ ይመስለኛል።

ለእናቴ ይህ ቀላል መሥዋዕት አልነበረም። ጭስ በባህላችን በሽታ አባራሪ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ካራቆተ ወዲህ፥ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ እስከ ዘመናችን ዘልቋል። መፍትሔው ዛሬ ባለን ዕውቀት ስሕተት ሊባል ይችላል፤ አንድ ነገር ግን ከእኛ በተሻለ ገብቷቸው ነበር። አየሩን ሊያጸዱ የወጡት መላው ሰፈር በአንድነት፥ በአንድ ቀን ነበር።

እኛ የተማርን የከተማ ሰዎች ይህን ረስተናል። ውኃ ሲቋረጥ ሮቶ ሰቀልን፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ገዛን፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲዳከም ልጆቻችንን ወደ ግል አዛወርን፤ ጸጥታ ሲጎድል ዘበኛ ቀጠርን። እያንዳንዱ ግቢ የራሱ ውኃና የራሱ መብራት፥ የራሱም ጥበቃ ያለው ትንሽ መንግሥት ሆነ። በዚህም መጠን ትልቁን መንግሥት የመጠየቅ ወኔያችን ቀነሰ። የምጣኔ ሀብት መምህር ነኝ፤ ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1954 ያብራራውን የጋራ ሀብት ትርጉም ለተማሪዎቼ ሳስተምር ንጹሕ አየርን ምሳሌ አደርገዋለሁ። አንዱ ቢተነፍሰው ለሌላው አይጎድልም፤ አንዱን ለይቶ መከልከልም አይቻልም። ውኃ በሮቶ ይጠራቀማል፤ አየር ግን አይጠራቀምም። ልጄ ከ24 ሰዓት 9ኙን የተጣራ አየር ብትተነፍስ፥ ቀሪውን 15 ሰዓት ከጎረቤት ልጆች ጋር የምትተነፍሰው ያንኑ የከተማውን አየር ነው።

የቤይጂንግ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ኤምባሲ በግቢው መለኪያ ተክሎ የደቃቁን ብናኝ መጠን ይፋ ማድረግ ጀመረ፤ ቁጥሩ በአደባባይ ሲታይ የነዋሪው ቁጣ በረታ። አቅም ያለው ሁሉ የአየር ማጣሪያ ገዛ፤ የከተማው አየር ግን በዚያ አልጸዳም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 የድንጋይ ከሰልን፣ የፋብሪካንና የመኪና ጭስን የሚቀንስ ዕቅድ አውጥቶ ሲያስፈጽም ግን፥ በዚያ ዓመት 89.5 ማይክሮግራም የነበረው አማካይ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 33 ወረደ።

አዲስ አበባም የዚያው ዓይነት የኤምባሲ መለኪያ ነበራት። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በመላው ዓለም ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚያሰራጨውን የአየር መረጃ አቋረጠ። የገዛ አየራችንን ለማወቅ የእንግዳ ቤት ቴርሞሜትር ማየታችን ሳያንስ፥ እንግዳው ሲያነሣው አብሮ የሚጠፋ ዕውቀት ይዘን ኖረናል። መልካም ርምጃ የለም አልልም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ አንዱ ነው። የታላቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ነገር ግን ኃይሉ ያለ መቆራረጥ እስከ እንጀራ ምጣዱ ካልደረሰ፥ መብራት በጠፋ ቁጥር እናቶች ወደ ማገዶ ይመለሳሉ። ለኢትዮጵያ ቤት ከሁሉ የሚበልጠው የአየር ማጣሪያ የማይቋረጥ መብራት ነው።

እንግዲህ አስም ያለበት ልጅ ወይም ልቡ የደከመ ሽማግሌ በቤቱ ያለ ሰው፥ ዐቅሙ ከፈቀደ፥ ይግዛ፤ ከላይ ያልኩትንም አስቀድሞ ይጠይቅ። ይህ ግን ከተማውን በሚያስተዳድሩት ላይ ያለንን ጥያቄ አያስቀርም። የአየራችን መለኪያ በየቀኑ፥ በየክፍለ ከተማው ይነገረን። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ጭሱን የምር ይመርምር። መብራቱ ወጥ ቤት ይድረስ። እነዚህን ለመጠየቅ የፓርቲ አባል መሆን አያሻም፤ መተንፈስ ብቻ ይበቃል።