የአሮጌው ክንፍ

ባልሳ የሚባል ዛፍ አለ፤ ብዙው የሚገኘው በደቡብ አሜሪካ፥ በኤኳዶር አገር ነው። ፈጥኖ ያድጋል፤ እንጨቱም እጅግ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1000 ኪሎ ሲመዝን፥ ያንኑ የሚያህል ባልሳ 160 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ ትንንሽ አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ይህን እንጨት አብልጠው ይወዱታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1937 ዓመት ሮስ ሃልና ክሊንተን ዴሶቶ የሚባሉ ሰዎች በአሜሪካ፥ በሃርትፎርድ ከተማ፥ ሞተር የሌለውን ትንሽ አውሮፕላን ከምድር ሆነው በሬዲዮ እያዘዙ አበረሩ።

እኔም በዚያው አገር ስኖር ይህን ሥራ ተማርሁ። ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት ባልቴት ይህን ሰምተው አስጠሩኝ። ከጣራው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አውሮፕላን አስወርደው፥ «ይህን ሟቹ ባለቤቴ በገዛ እጁ ሠራው። አንድ ጊዜ ሲበር ላየው እወዳለሁ» አሉኝ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ይሆናል። ሙጫው ግን ከማርጀቱ የተነሣ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈር ነበር።

እንዲህ ያለው አውሮፕላን ወደ ሰማይ የሚወጣው በረጅም ላስቲክና ገመድ ተስቦ ነው። በሚሳብበት ጊዜ ክንፉ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ ጭንቁም ሁሉ በክንፉ ሥር፥ ከአካሉ በሚጋጠምበት ላይ ይወድቃል። ቢሰበርስ? የሠራው ሰው ተመልሶ ሌላ አይሠራም።

ብዙ ሰዎች ክንፍን ለማጽናት ሙጫ ያበዛሉ፥ ወፍራም እንጨትም ይደርባሉ። እኔ ይህን አልወድም፤ ሙጫ ከባልሳው ይልቅ ይከብዳልና። ልጆች ሆይ፥ ልብ አድርጉ። በክንፉ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ወጋግራዎች አሉ፤ አንዱ በላይ፥ አንዱ በታች። ክንፉ ወደ ላይ ሲጎብጥ የላይኛው ይጨመቃል፥ የታችኛው ይወጠራል። መካከላቸው ባዶ ከሆነ የላይኛው ይታጠፍና ይሰበራል። ስለዚህ የክንፉን ልባስ ገፍፌ፥ አሮጌውን ሙጫ ፍቄ፥ በሁለቱ ወጋግራዎች መካከል ስስ የባልሳ ቁራጭ አቆምሁ። የእንጨቱ ጅማትም እንደ ምሰሶ ወደ ላይ የቆመ ነው።

የባልቴቲቱ የልጅ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ያይ ነበርና፥ «ለምን ያቆሙታል? ቢጋደምስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ቁራጭ ሰጠሁት። ጅማቱ የተጋደመውን ከላይና ከታች ይዞ ቢጫነው ወዲያው እጥፍ አለ፤ ጅማቱ የቆመውን ቢጫነው ግን እምቢ አለው። ከዚያ በኋላ የቀረውን ሁሉ የቆረጠልኝ እርሱ ነው። የጨመርነው በሙሉ ቢመዘን አንድ እንቁላል አያህልም። ሟቹ በእርሳስ የጻፉትን ቍጥር ግን ከአንዱም እንጨት ላይ አልፋቅነውም። ከዚያም ክንፉን በስስ ሐር አለበስነው።

ነፋሱ ዝግ ባለበት ቀን ወደ ሜዳ ወጣን። ላስቲኩ ሲስበው ክንፉ ጎበጠ፤ ባልቴቲቱ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ገመዱም ወለቀ። አውሮፕላኑ ከታረሰው ማሳ የሚነሣውን የሞቀ አየር አገኘና እንደ ጭልፊት እየዞረ ከፍ ከፍ አለ። ልጁ፥ «አያቴ፥ ይመልከቱ እንጂ!» እያለ ጮኸ። እርሳቸውም እጃቸውን አንሥተው፥ እስኪወርድ ድረስ አንድ ቃል ሳይናገሩ አዩት። ከወረደ በኋላ ክንፉን ለማንም አልሰጡም፤ ራሳቸው ታቅፈው ወደ ቤት ሄዱ።