ሰውና ባቡር በአንድ ጠረጴዛ ላይ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ትልቁን ነገር አሳንሶ በጠረጴዛ ላይ ማቆም የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ባቡር፣ አንድ ጣቢያና ጥቂት ተሳፋሪዎች አሳንሳችሁ ጎን ለጎን ለማቆም ብትሞክሩ፣ ሥራው ከመቀስና ከሙጫ ይልቅ ሒሳብን፣ ከሒሳብም ይልቅ ማስተዋልን የሚጠይቅ መሆኑን ወዲያው ትረዱታላችሁ።

እኔ በአዳማ፣ ብዙ ሰው ዛሬም ናዝሬት እያለ በሚጠራት ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከተማችን ከምድር ባቡር ጋር ያደገች ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በአዋሽ፣ በናዝሬት፣ በሞጆና በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) በኩል ነበር። ያ ባቡር በከተማችን ማለፉን ከተወ ዓመታት ስላለፉ ከተማሪዎቼ መካከል ፉጨቱን የሚያስታውስ የለም። እነርሱ የሚያውቁት በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን አዲሱን ባቡር ነው። ስለዚህ «የአያቶቻችንን ባቡር በጠረጴዛ ላይ እንሥራው» ባሉኝ ጊዜ በደስታ ተቀበልኋቸው።

ሁለት ልጆች ከውጭ አገር ዘመዶቻቸው የላኩላቸውን ዕቃ አመጡ። የአንደኛው ሐዲድና ጥቂት ፉርጎዎች ነበሩ፤ የሁለተኛው ደግሞ ፈረንጆች እንደ ሰንጠረዥ በጠረጴዛ ላይ ለሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ የተሠሩ ትንንሽ ወታደሮች። ወታደሮቹን በፉርጎው አጠገብ አቆምናቸውና ሁሉም ሳቀ፤ ራሳቸው ከበሩ በላይ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፉርጎዎቹ የተሠሩት ኤች ኦ በሚባለው መጠን ነው፤ ይኸውም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው በዚህ መጠን 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወታደሮቹ ግን 28 ሚሊ ሜትር ናቸው። 28ን በ87 ብታባዙ 2 ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሰው ታገኛላችሁ። በዚህም ላይ የጨዋታ ወታደር ከጠረጴዛው ማዶ እንዲታይ ራሱና እጁ ሆን ተብሎ ይገዝፋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአገራችን የጥንት ሥዕልም ዋናው ሰው ከአጃቢዎቹ ገዝፎ ይሣላል።

በዚያ ሰሞን ጡረታ የወጡ አንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሥራችንን ሊያዩ መጡ። «ልጆቼ፣ ይህ ሰውዬ በየትኛው በር ሊገባ ነው?» አሉ። ልጆቹ እንደገና ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እኔ በዚያ በር ሠላሳ ዓመት ወጥቼ ገብቻለሁ፤ ጎንበስ ብዬ አላውቅም» አሉ።

ይህ ንግግር ጨዋታውን ወደ ቁም ነገር ለወጠው። እኛ የምንሠራው የእሳቸውን ዕድሜ ነበርና። ስለዚህ በጠረጴዛው ላይ ምን ሊታለፍ እንደሚቻል፣ ምንስ እንደማይቻል ለይተን አሰብን። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር 87 ጊዜ ቢያንስ እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ርቀት የግድ ይታጠፋል። 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ዝቋላ ከደብረ ዘይት በላይ የሚነሣውን ያህል በዚሁ መጠን ቢሠራ ከ11 ሜትር በላይ ስለሚሆን የክፍላችንን ጣሪያ ይበሳል፤ እሱን በግድግዳው ላይ ቀባነው። ግራር ትልቅም ትንሽም አለ፤ ድንጋይም እንዲሁ፤ ስለዚህ ከደረቅ ቅርንጫፍና ከሜዳ ከለቀምነው ጥቁር ድንጋይ የሠራነው ለየትኛውም መጠን ይስማማል። በር፣ ደረጃና ወንበር ግን የሰው አካል የተለካባቸው ስለሆኑ ከሰው ጋር ካልተስማሙ ዓይን ወዲያው ይከሳቸዋል።

መፍትሔውን ያገኘነው ሐዲዱን ስንለካ ነው። የመጫወቻው ሐዲድ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በ87 ሲባዛ 1,435 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የአዲሱ ባቡር ሐዲድ ስፋት ማለት ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት ግን 1 ሜትር ብቻ ነበር። አንዲት ተማሪ 1,000ን ለ16.5 አካፍላ 60.6 አገኘች። ቀጥላም የወታደሩን 28 ሚሊ ሜትር በ60.6 አባዛችው፤ 1 ሜትር ከ70 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ግዙፉ ወታደር ልክ እንደ እኛ ሰው ሆኖ ተገኘ! ለአያቶቻችን ባቡር ሐዲዱም ሰውየውም ልክ ነበሩ፤ የማይሆኑት ፉርጎዎቹ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ መንኮራኩራቸውን ይዘን የፉርጎዎቹን አካል ከካርቶን እንደገና ሠራን። የ1 ሜትር ከ80 በር 30 ሚሊ ሜትር ሆነ። ወታደሮቹ የቆሙበት ክብ መቆሚያ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያስረዝማቸው የጣቢያውን ወለል ፈልፍለን ቀበርነው። ጠመንጃቸው ተቆርጦ ዱላ ሆነ፤ ልብሳቸውም ነጭ ተቀብቶ ጋቢ መሰለ። አዛውንቱ ሁለተኛ ሲመጡ አንዱን አንሥተው በበሩ ውስጥ አቆሙትና ብዙ ዝም ብለው ተመለከቱ።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ እናንተም እንዲህ ያለ ሥራ ብትጀምሩ ከባቡሩ ወይም ከቤቱ አትነሡ፤ በመጀመሪያ ያላችሁን ሰው ለኩ። ቁመቱን በሚሊ ሜትር ይዛችሁ 1,700ን ለእርሱ አካፍሉ፤ የምታገኙት ቁጥር የበሩም፣ የወንበሩም፣ የፉርጎውም መጠን ይሁን። ተራራውና ርቀቱ ቢያጥሩ ማንም አይቀየማችሁም። የተዘጋጀ ዕቃ ከሩቅ አገር ሲመጣ ሰውን ከዕቃው ጋር ለማስማማት መድከም የተለመደ ነው፤ ካርቶንና መቀስ ግን በየሱቁ አለ፤ ሰውየው ጎንበስ እንዳይል በሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል።